ላሟን የማላያት

አባቴ በዳዳ፣ የቦኩ ሰፈሩ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ከበሩ
በብስክሌቱ ግራና ቀኝ ሁለት ጣሳ አንጠልጥሎ
ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ወተት ሲያድል ውሎ፣
ዘንድሮ ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ
«ወተት ተው» አለው፣ «አንጀትህ አልቻለውም።»

መጀመሪያ ሳቀ።
ከዚያ ዝም አለ እስከ ባጃጁ፣
ከባጃጁም እስከ ደጁ።
ሰው ከገዛ እንጀራው ሲጣላ እንዲህ ነው መሰለኝ፤
እጁ መያዣ ያጣል፣ ያርፋል በእጁ።

ላሞቹ ከተሸጡ ቆይቷል።
ፋጉሎ ሲወደድ፣ በግጦሹ ላይ ፎቅ ሲበቅል፣
ቡሬ ሄደች፤ ጉራቲ ተከተለች፤
ዳለቲ ብቻ አንድ ክረምት ዘገየች።
የቀረን ገመዳቸው ነው፣ ልብስ የማሰጣበት፣
እና አባቴ ያለ ሥራ የሚነቃበት
ሌሊት አስር ሰዓት።

እኔም ከገበያ አንድ ኪሎ አኩሪ አተር ገዛሁ።
ማታ ዘፈዘፍኩ፤ ሲነጋ እጥፍ ሆኖ አገኘሁ።
በመዳፌ አሸሁ፣ ልጡን ገፈፍኩ፣
ፈጨሁ፣ አፈላሁ፤ አረፋው ሁለት ጊዜ ገንፍሎ
ምድጃዬን አጠፋው። በሻሽ ጨመቅሁ።
ነጭ ነው፤ ነጭነቱን ማንም አይክደውም።
አባቴ አጎንብሶ አሸተተው።
«ይሄ» አለ፣ «ላሟ ረስታው የሄደችው ሣር ነው።»

የመጀመሪያው ሌሊት ሎሚ ጠብ አደረግሁበት፤
እንደተኳረፉ ባልና ሚስት
ውሃው ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ሲተኛ አደረ።
በሁለተኛው ጎረቤታችን ሹምዬ
«እርሾ እርሾ ነው» ብላ ከሊጧ ሰጠችኝ፤
ሲነጋ የማሰሮው ሆድ ተነፋ፣ ቤቱ ቡሆ ቡሆ ሸተተ።
አባቴ በጣቱ ጫፍ ቀመሰና
«ይሄስ ወጥ ይፈልጋል» አለ።

በሦስተኛው፣
ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው ለሊሴ
በምሳ ሰዓት፣ በሚስጥር፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣
«የቃሪያ ጭራ» አለችኝ። «ሥጋውን ለድስቱ፣ ጭራውን ለወተቱ።»
ሰባት ቆጥሬ ጣልኩበት።

አባቴ እንደ ልማዱ ነቅቶ ነበር።
ዓይኑን ከኔ ሸሽቶ ትንሿን ጣቱን ነከረ፣
«ገና ነው» አለ። ጠበቅን።
እንደገና ነከረ።
«አሁን። ከጡቷ እንደወጣ ነው።»
የማንን ጡት እንደሆነ እሱም እኔም አልጠየቅንም።

ከዚያ መብራት ሄደ።
ከኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች
ነፋሱን ይንጡታል፤
ይንጣሉ፣ ይንጣሉ፣ ቅቤው ለኛ ቤት አልደረሰም።
አዳማ ግን ማቀፍ ታውቃለች።
ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ አልረሳም፤
ግድግዳው እኩለ ሌሊት ሲነኩት
ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ነው።
ማሰሮውን በአባቴ ካፖርት ጠቀለልኩት፣
ድሮ ለብርዱ ሲወጣ የሚለብሰው፣
ኪሱ እስከ ዛሬ ወተት ወተት የሚለው።

ሲነጋ ረግቷል።
አዘነበልኩት፤ አልተንቀሳቀሰም።
ማንኪያው ገብቶ ሲወጣ ጉድጓዱ እንደ ጉድጓድ ቀረ።
አባቴ ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ።
«ያቃጥላል» አለ፣ «ትንሽ።»
ደግሞ ጎረሰ።
ከዚያ ያ የድሮው ሳቁ፣ ከሐኪሙ በፊት የነበረው፣
ከደረቱ ሥር ተነሣ፤
«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ፣
ይል ነበር ሰው ሁሉ። እኔስ እንዴት ልበል?
ወተቷ በእጄ ላይ፣ ላሟን የማላያት!
ማን ብለን እንጥራት?»

መልስ አልጠበቀም። «ለነገ አስቀሪ» አለኝ፣
«ሁለት ማንኪያ፤ እናት ሳይተው አያልቁም።»

በሁዳዴ ማክሰኞ፣ ሌሊት አስር ሰዓት፣
የጎማ መንፊያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።
«ወዴት ነው?»
«ለሹምዬ። ጾመኛ ናት። ደግሞ ማዶ ያሉት…»
አንድ ጣሳ ብቻ ነበረው የሚሞላ።
ብስክሌቱ እንዳያዘነብል
በሌላው ጎን ድንጋይ አሰረ።