በግራ ወንበር በኩል

ክሪኩን ስረግጠው፣ ፒካፗ ስትነሳ፣
ከሆዷ ረገፈ ቅርፊት እንደ ዓሣ።
ሩሞይ ወደቡ ዳር፣ በየካቲት ብርድ፣
በረዶው ከባሕር አግድሞ ሲወርድ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ከመኪና ሆድ ሥር
ተጋድሜ ኖሬ፣ የማነበው ነገር
ዝገት ነው፤ ሌላ አላውቅም።

ጨው ግን ጨዋ አይደለም። ሳያንኳኳ ገብቶ፣
ከቀለሙ በታች ጎጆ መሥርቶ፣
የብረቱን ሥጋ በዝምታ በልቶ፣
አንድ ቀን ይወጣል እንደ እባጭ ፈንድቶ።

አበላሉም ይለያል።
የመንገድ ጨው አለ፣ መዘጋጃ ቤቱ ሌሊት የሚዘራው፣
በረዶ እንዲያሟሟ፣ ጎማ እንዳያዳልጥ ብሎ የሚበትነው።
እሱ ከታች መጥቶ፣ ከጎማ ተወርውሮ፣
የፍሬን ቧንቧውን፣ ሻንሲውን ቦርቡሮ፣
ክረምቱን ያደባል፤ ሚያዝያ ላይ ይነቃል፣
ሰው «ሞቀ» ብሎ ኮቱን ሲያወልቅ፣ እሱ ሥራ ይጀምራል።

የባሕሩ ሌላ ነው። በነፋስ ይመጣል፣
ከመስታወት ጎማ ሥር፣ ከጣራው ይቀመጣል፣
በበጋም አይሄድም፣ ጭጋግ ሆኖ ያድራል፣
የቆመችን መኪና ዳር ዳሯን ይልሳል።
አንዴ ከኦኪናዋ የመጣች ነጭ መኪና አይቻለሁ፤
በረዶ ነክቷት አያውቅም፣
ጣራዋ ግን ወንፊት ነበር።

ይቺ የኢሳኩ ናት። የዓሣ አጥማጁ፣ ኅዳር ላይ የሞተው።
ልጁ ቺሳቶ ከሳፖሮ መጥታ ቁልፉን ሰጠችኝና
«ትሸጥ ወይስ ትጣል? አንተ ንገረኝ» አለችኝ።

ባትሪዬን አብርቼ ተንፏቅቄ ገባሁ።
የኋላ መጫኛው እንደጠበቅሁት ነው፣
ሃያ ዓመት የዓሣ ሣጥን ውሃ የፈሰሰበት ነው።
የፊት ጎማው ቤት ደግሞ የመንገዱ ጨው ሥራ፤
ያው ነው፣ የሁላችን፣ የዚህ አገር ዕዳ።
የሹፌሩ ወለል፣ በቀኝ በኩል ያለው፣
ደህና ነው። ኢሳኩ ቦቲውን አውልቆ
በካልሲ ነበረ መኪና የሚነዳው።

በግራ ወንበር በኩል ግን ወለል የለም።

እጄን ባሾልከው እስከ ክርኔ ዘለቀ፤
ምንጣፉን ዳሰስኩት፣ ጨው ነው፣ የደረቀ።
ቀዳዳው ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን፣ ጠበብ ያለ፣
የሴት ቦቲ ያህል።

አውቃት ነበር።
ኮምቡ የሚሉትን የባሕር ቅጠል ከዳርቻ የምትለቅም፣
ጎህ ሲቀድ እስከ ጉልበቷ ርሳ ከማዕበል የምትወጣ።
ፒካፗ መንገዱ ዳር ትቆም ነበር፣
መብራቷን አጥፍታ።
አላየሁም አልልም። ግን ማን ጠየቀኝ?

«አባዬ እኮ ብቻውን ነበር» አለች ቺሳቶ ከላይ፣
«እናቴ ካረፈች አሥራ ስድስት ዓመት፣
ሰው አሳፍሮ አያውቅም፣ ወንበሩ ላይ
መረቡን ነበር የሚጭን።»

ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤
እኔ ግን በሆዴ «ለእሱ ስትል ዝም በል» አልኩት።
አልሰማኝም። በሩን ከፍታ፣ ምንጣፉን ገልባ፣
በግራ ወንበር ተቀምጣ፣
እግሮቿን ከቀዳዳዎቹ ላይ አድርጋ
ቁልቁል አየችኝ። እኔም ሽቅብ።

«ይሄ የመንገድ ጨው ነው?»
«አይደለም።»
«የዓሣው ሣጥን?»
«እሱ ከኋላ ነው።»
ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ጣራው ላይ በረዶ ይንሿሿል።
«ወለል መቀየር ስንት ነው?»
«ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል።»
«ቀይረው።»

በማግስቱ ቆርጬ አወጣሁት። የዳንቴል ያህል ሳስቷል፣
ወደ ብርሃን ብታነሣው ባሕሩ በውስጡ ይታያል።
ወደ ቁርጥራጩ ክምር ልወረውረው ስል
«ስጠኝ» አለች።
ነጭ ጓንቷ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀረ።
አላራገፈችውም።