ውሃ እንዳይነካው

ድሬ ላይ ለቅቤ ጥላ አይበቃውም፤
ሙቀቱን ግድግዳ፣ መዝጊያ አያግደውም።
እህቴ ትብለጥ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ
የደቻቱን አሸዋ ተሻግራ፣ ፈጥና በርትታ
ቀፊራ ትደርሳለች። ከኖሪያ ቅል ቀምሳ፣
«አሬራው አልወጣም» ብላ ዋጋ አሳንሳ
ትመለሳለች።

እሳቱን ዝቅ አድርጋ፣ ኮሰረት ጨምራ
ትቆማለች እዚያው፣ ከድስቱ ጋር አብራ፣
እስኪጠራ ድረስ፣ እስኪያቆም ማውራት።
«ዝም ያለ ቅቤ ነው ውሃው ያለቀበት።»

ፍሪጅማ አለን፤ መብራቱ እንጂ የለ፤
ባለፈው ሰኔ እንኳ ስንት ሥጋ አስጣለ!
እሷ ከአልጋዋ ሥር፣ ብርሃን ከማያየው፣
አሸዋ አርሳ ቀብራ እንስራ አላት የሰፋው፤
ጠርሙሶቹን እዚያ ትደረድራለች፣
እርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ትጠመጥማለች፤
«ውጪው ያልበው እንጂ፣ ውስጡ ይድረቅ» ትላለች።
ሰባት ወር የቆየ አሽትቻለሁ እኔ፤
ዛሬ የተነጠረ መስሎኛል ለዓይኔ፣
ለአፍንጫዬም።

ዘንድሮ ደወሌ፣ ጉምሩክ ተመደብሁ።
«ድሬ ብርድ ናት» ሲሉ ከሾፌሮች ሰማሁ።
ሻንጣዬን ሳልዘጋ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤
ጥቁር ነው። እስከ አፉ፣ ጢም አድርጋ ሞላች፣
አየር እንዳይተርፈው።
«እርጥብ ማንኪያ እንዳትከት። ከመስኮት አርቀው።
እኛን ብትረሳ እንኳ፣ ክዳኑን አስታውሰው።»

ክዳኑ በእጇ ነው፣ ገና አልገጠመችም።
ድንገት ፊቷን አዞረች፤ ወደኔ አላየችም፤
በክንዷ ጉንጯን ጠርጋ፣ ግድግዳውን እያየች
ቆየች።
«ምን ሆንሽ?» አልኋት።
«ውሃ እንዳይነካው» አለች።