ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

ቢቸና ፍርድ ቤት፣ ከዳኛዋ ወንበር
ፊት ለፊት፣ አያቴ አራት ሆኖ ነበር።
የመሬት ደብተሩ «ሰርጸ» ይለዋል፤
የግብር ደረሰኙ «ሠርፀ» ብሎታል፤
መታወቂያው «ሰርፀ»። የዕድሩ ሹም ቸኩሎ
«ሰርጠ» ሲል አኖረው፣ እንደ ጆሮው ስሎ።

ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፤
«ሟች ከነዚህ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ምን ልበላት እኔ? እነማይ በሙሉ
«አያ ሰርጤ» ነው የሚል፤ ጸ የለም በቃሉ።

ምስክር አመጣሁ፣ ከዲማ በባጃጅ፣
መሪጌታ እንቈባሕርይን፣ የአያቴን ወዳጅ።
ቃለ መሐላውን ሳይጨርሱ ጀመሩ፦
«ንጉሡ ሠ ነው እንጂ፣ እሳቱን ሻሩ!
እሳት ከተጠጋው ቡቃያው ይነዳል፤
ፀሐዩም ፀ አይሆነው፣ በቀትር ይደርቃል፤
ጸሎቱ ጸ ይግባ! ሠረጸ፥ በቀለ፤
ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በዚህ ቤት የለ?
አንበጣ ጨርሶ ክንፉን ሲያነሣ፣
ገብስ ዳግም ባቆጠቆጠበት ማሳ
ዳር ነው የወለደችው።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ ጣለች፣
ያሉትን በሙሉ በእሳቱ ሰ ጻፈች።

አያቴ ራሱ ፊደል አልቆጠረም።
ከደብተሩ ግርጌ፣ በሐምራዊ ቀለም፣
አውራ ጣቱ አለች፤ ሠ የለም፣ ሰ የለም፤
ማጭድ የተወው ጠባሳ፣ በመሐሏ ብቻ፣
እንደ እግር መንገድ ያልፋል ወደ ማሳው ዳርቻ።

ለሐሙስ ቀጠሩን።
መጥሪያውን ሲሰጡኝ
«ሀመልማል» ይላል፤
እኔንም ከሐመሩ አወረዱኝ።