የዳገት ዕቅድ

ቱሉ ዲምቱ፣ አምስተኛ ፎቅ፤
ዝናብ ካባራ ዝቋላ ይታያል፣ እንደ ቅርብ ሰው ሩቅ።

ደበላ በውሃ ደረሰኝ ጀርባ መንገዱን ይሥላል፤
«ሌሊት ዐሥራ አንድ እንነሣ፣ ቁርስ ዱከም» ይላል።
«ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፣ ቀጥ ያለ፤
አናቱ ላይ ግን ሐይቅ አለ፣
ወንዝ ሳይገባለት የሞላ።»
ጫማዬን ገልብጦ አየው። «ይሄ አይሆንም፤ ሌላ።»

ሙዝ አልን፣ ቆሎ፣ ባርኔጣ።
ውሃ ላይ ስንደርስ ዝም፤
ቧንቧችን ከደረቀ ሃያ አንድ ቀኑ፣
ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም።

ወጥቼ ልጠይቀው ነው ያንን ተራራ፦
ያለ ፓምፕ፣ ያለ ቆጣሪ፣
ያን ሁሉ ውሃ አናቱ ያደረሰው
የማንን ደጅ ጠንቶ ነው?

ደበላ ሳቀ።
እኔ ግን ከቦርሳዬ አጠገብ
ቢጫውን ጀሪካን አቆምኩ።