ገርበብ

መጀመሪያ አዝራር ነው።
ከላይ ሦስተኛዋ፣ የሸሚዙ አዝራር፤
ቀዳዳዋን አጥቶ ጣቱ ሲደናገር
አባቴ ኢሶጂሮ እንዳላይበት ብሎ
ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ደረቱን ከልሎ።

ቀጥሎ አኩሪ አተር።
በሁለት ቀጭን እንጨት ቆንጠጥ አርጎ ይዞ
ከሣህን እስካፉ፣ እጁ መንገድ ላይ ደንዝዞ፣
ትወድቅበታለች።
እናቴ ፉሳኖ ማንኪያ አመጣችና
አጠገቡ አኑራ፣ ዝም አለች እንደገና።

«በረዶው አይደለም» ይላል ሲንገዳገድ፤
«ጥጥ ላይ ነው እግሬ፣ ጥጥ ላይ ነው 'ምራመድ።»

ስልሳ ዓመት ሐር ነው ያከረረው ይህ ሰው፣
ከቢዋ ሐይቅ ሰሜን፣ ጣሪያ በረዶ 'ሚያጎብሰው
መንደር ውስጥ ቁጭ ብሎ፣
በእርድ ውሃ ቀቅሎ፣
በሩዝ ሙጫ ለውሶ፣
አሥራ ሦስት አውታር ላለው ለኮቶ።
እኔ ከዚያ ጫፍ ሳብ፣ እርሱ ከዚህ መለስ።
የፀጉር ሢሶ ታህል ውፍረቷ ብትሳሳት
በጨለማ ነክቶ፣ «ኪኑዬ፣ ይቺ ጅማት
ታማለች» ይለኝ ነበር።

ሐኪም ሃማሳኪ ፎቶውን ሰቀለው።
የአንገቱን አከርካሪ ከጎን ስናየው
ከአጥንቶቹ ጀርባ ነጭ ነገር ወርዷል፣
እንደ ሻማ እንባ ተንጠባጥቦ ረግቷል።
«ይህ ጅማት ነው» አለ፤ «አጥንቱን ካጥንቱ
አስሮ የሚይዝ፤ ለስላሳ ነበር በፊቱ።
አሁን አጥንት ሆኗል። ከኋላው ያለውን
ህብለ ሰረሰሩን፣ ገመዱን፣ ዋናውን፣
ቀስ እያለ ሲጫን ስንት ዓመት እንደሆን…»
እጁን አነሣና ጨርሶ አልነገረን።

አባቴ አየ። አየ።
«የከረረ ክር» አለ «ይበጠሳል እንጂ
እንዴት አጥንት ይሆናል?»
«አላውቅም» አለ ሐኪሙ፤
«ከዘርም ሊሆን ይችላል፣ ከስኳርም፣ ከዕድሜም፤
በአንድ ጣት የሚጠቆም ጥፋተኛ የለም።»
እኔ ያን «አላውቅም» ወደድኩት።
እናቴ ግን ስልሳ ዓመት ያጎነበሰውን
ያንን አንገት አየችው።

«ታዲያ ይፈቀፈቃል?»
«አይ፣ አንነካውም፤ ገመዱ ይጎዳል።
በጀርባ ገብተን ነው። የአጥንቱን ቅስት
በአንዱ ወገን ቆርጠን፣ በሌላው አቅጥነን
እንደ ማጠፊያ ትተን፣
በሩን ገርበብ ማድረግ፣
ገመዱ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ።»

አባቴ ሳቀ፤ በዚያ ክረምት መጀመሪያው ሳቅ።
«የቤታችን በር ሁሉ ተንሸራታች ነው፤
ማጠፊያ ያለው በር አንገቴን ሊያረገው!»

በመጋቢት ወጣ።
አዝራሩ ተዘጋ። አኩሪ አተሯ ግን
ካምስት ሁለት ጊዜ አሁንም ትወድቃለች።
ጥጡም ከእግሩ ሥር ጨርሶ አልተነሣም።
«የሄደውን ለመመለስ አይደለም፣
የቀረው እንዳይሄድ ነው» ብሎት ነበር ሐኪሙ፣
እኛ ግን ያን ጊዜ የሰማነው ሌላ ነው።

ትናንት ማለዳ ቀጭኗን አውታር፣
ለማንም የማይተዋትን፣
ወጥሬ ጠራሁት።
በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ቆየ።
በሌባ ጣቱ።
ጎንበስ ሊል ሲል አንገቱ እምቢ አለው፤
ክሩን ከፍ አድርጌ ወደ ፊቱ አመጣሁ።
ዓይኑን ጨፍኖ፣ በታችኛው ከንፈሩ፣
ከዳር እስከ ዳር ሄደባት።

«መሐል ላይ» አለኝ፣
«ትንሽ ታማለች።»