ልክህ ነው

እሑድ ስምንት ሰዓት፣ ማርቆስ ካፊያ ሲጥል፣
ዣንጥላው ተዘርግቶ ሜዳውን ሲያካልል፣
ጨሞጋችን ሊገጥም ማልያውን ሲለብስ፣
የሸንኮራው ልጣጭ ከእግር ሥር ሲከሰከስ፣
በትሁነኝ መዳፍ ጣቴን አስይዤ፣
እገባለሁ ዛሬ ቆሎ በኪስ ይዤ።

አምና እንዲህ አልነበር።
አምና ልጁን ይዞ ማንም ሰው አይመጣም፤
እዚህ የዋለ ጆሮ ቢታጠብም አይነጣም።
የዳኛው እናት ስም፣ የበረኛው እኅት፣
ያልተነሣ የለም ከአያት እስከ ምንጅላት።
እኔም ነበርኩበት። ልዋሽ አልፈልግም፤
ድምፄ ያኔ ወፍራም፣ ምላሴ አይታክትም።
አንድ ቀን ከደጅ ቆሜ፣ ትሁነኝ ስትጫወት፣
አሻንጉሊቷን ስትቆጣ የኔን ቃል ሰማሁት።
ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ነው የመጣው ልብስ ሰፊው አንለይ፣
ብጫ ሰደርያውን ደርቦ ከላይ፣
ከአሮጌ ዣንጥላ በእጁ የሰፋትን፣
ጀርባዋ ላይ "አስተናባሪ" ብሎ የጻፈባትን።
ጎማ ጠጋኝ ምንይችል፣ የነፋሱ ጌታ፣
እትዬ ስንዱም ከጤና ጣቢያ ወጥታ፣
ማንም አልሾማቸው፤ ማንም አልቀጠረ፤
ሦስት ሆነው ቆሙ፤ ነገሩ ተጀመረ።

ዱላ የላቸውም። ፊሽካም የላቸውም።
አፉን የከፈተን አንገት አይዙትም።
አንለይ ሲጠጋ፣ በሰው መሃል ሾልኮ፣
ጆሮ ሥር ይላል፦ "ከኋላህ ልጅ አለች እኮ።"
ሰውየው ዞር ይላል። ትሁነኝ ቆሎዋን
ትቆረጥማለች፣ እያየች ዓይኑን።
ከዚያ የጀመረው ቃል፣ ግማሹ በአፉ ቀርቶ፣
ሌላ ነገር ይሆናል፣ በሳል ተተክቶ።

ጎረምሳው ደጀኔ ግን አሻፈረኝ አለ፣
"ኳስ ያለ ስድብ ምኑን ኳስ ሆነ?" እያለ።
አንለይ ሣቀና እንዲህ መለሰለት፦
"አንተ የጎጃም ልጅ፣ ቅኔ ያደገበት፣
ይሄ ጥሬ ስድብ ምን ጣዕም አለበት?
ካማረህ ስደበው፣ ግን በወግ ስደብ፤
አሁን አመስግኖህ ይሂድ፤ ማታ ራት ሲቀርብ፣
ጉርሻው አፉ ሳለ፣ ያኔ ነገሩ ይግባው።"
ደጀኔ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ፤ ማሰብ ነው ሥራው።

መጀመሪያ አንዲት እናት፣ ጡት የሚጠባ ይዛ፣
ቀጥላ ጎረቤቷ፣ አማቷን አግዛ፣
መሪጌታ ስሙር እንኳ፣ "ኳስ ኃጢአት ነው" ያሉ፣
ከዣንጥላ ሥር ቆመው ዛሬ ይታያሉ።
(ማንን እንደሚደግፉ እስካሁን አልታወቀም።)

ባለፈው ከቡሬ ጋር፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ፣
በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ፣
ደረት የነካ ኳስ "እጅ ነው" ተባለ፤
ፊሽካው ተነፋብን፤ ሜዳው ተቃጠለ።
ሁሉ አፉን ሲከፍት፣ ከሁሉም ፊት ግን
አንለይ ራሱ ከፍቶ ነበር አፉን።
የአንገቱ ሥር ቆመ፤ ብጫዋ ተለጠጠች፤
"አንተ!" አለ፤ "አንተ!" አለ። ትሁነኝ ተነሣች።
"ጋሽ አንለይ!" አለችው፣ ጣቷን ቀስራ፣
"ከኋላህ ልጅ አለች፤ ትሰማለች፤ አደራ!"

ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል። አንለይ ዋጠ፣ አማጠ፤
ያ ቃል በጥርሱ መሃል ሦስቴ ተገላበጠ፤
ወጣ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ሰርስሮ፦
"አንተ ያልበሰለ ሽሮ!"

ሜዳው ሣቀ። በረኛችን ሣቀ። ዳኛው ፊቱን አዞረ፤
ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታይ ነበረ።
ጎሉ ገባብን። ተሸነፍን፣ አንድ ለባዶ።
ሰው ግን "ሽሮ! ሽሮ!" እያለ ሄደ ወደ ቤቱ ነጉዶ።

ሜዳው ሲራቆት፣ ሦስቱ የውሃ ላስቲክ ይለቅማሉ፤
ማንም አያጨበጭብ፤ ያጎነብሳሉ፣ ይነሣሉ።
"ማን ነው የሚከፍላቸው?" አለችኝ በመንገድ።
"ማንም" አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ መራመድ።

ሰኞ ሄድኩ ሱቁ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣
"እግሩ ረዝሞብኛል፤ አሳጥርልኝ" ብዬ።
ውሸት ነው። ሱሪው አይረዝምም። መክፈል ነው ያማረኝ፤
ምስጋናን በባዶ እጅ ማቅረብ አሳፈረኝ።
አንለይ ሜትሩን ከአንገቱ ሳብ አድርጎ አወረደ፤
ለካ። ደግሞ ለካ። ከወገብ እስከ ተረከዝ ሄደ።
ከመነጽሩ በላይ ዓይን ዓይኔን አየ፤
ሱሪዬን አጣጠፈ፤ ጥቂት ቆየ።
"ልክህ ነው" አለኝ፣ መልሶ እየሰጠኝ፤
"እሑድ ልጅቷን ይዘህ ና፤ ዳኛው ያው ነው አሉኝ።"