ሁለት መርፌ

ከፒያሳ ቁልቁል፥ ጉም በሚወርድበት፣
ደሴ ላይ አንድ ጣራ አለ፥ ሁለት ሱቅ ያለበት።
ባንዱ እኔ፥ ልብስ ሰፊው፥ ሜትር ባንገቴ፤
ባንዱ ጋሽ ሙሄ አበጋዝ፥ የሬድዮ ሐኪም፥ ጎረቤቴ።
መሃላችን ኮምፔርሳቶ ነው፥ ያውም ስስ፣
"ይማርህ" እላለሁ እሱ ሲያስነጥስ።

ሸክላው ካሰብ ነው የመጣ፥ በተሳቢ መኪና።
ቃሶ የሚሉት ሹፌር ሬድዮ አሠርቶ፥ ኪሱ ባዶ ሆነና፣
"ስመለስ እከፍላለሁ፥ ይኸን ያዝልኝ ባደራ፤"
ሹፌሩ አልተመለሰም፥ ዕዳውም አልተጠራ።

ሽፋን የለው። እምብርቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል።
ስድስት በዚህ ፊት፥ ስድስት በዚያ፥ አሥራ ሁለት ዜማ ታጭቋል፤
ከአሥራ ሁለት ባንድ፥ አንድ ባለ ጥሩ ጆሮ ለቅሞ ያጠራቀመው፤
ማን ነፋው፥ ማን መታው፥ እንጃ፤ ማንም ይሁን፥ እጁን አይመመው።

ስም የለሽ ሆኖ አይቀርም ብሎ ሙሄ ስም አወጣ፤
አንደኛው "ሐረጎ" ነው፤ ቤዙ እንደ ጭነት መኪና
ጥምዝምዙን ሲወርድ፥ ፍሬን ይዞ፥ ሳይቆጣ።
"ቦርከና ሲሞላ" ይለዋል ኦርጋኑ ጢም ያለበትን።
ሦስተኛው ላይ ሳክስፎኑ፥ ባሕር ማዶ መሆኑን
ረስቶ፥ አምባሰል ይገባል፤
"የዚህ ሰውዬ እናት በሐይቅ በኩል አልፋለች" ብሎ ሙሄ ይምላል።

ከበሮውን ግን ተወኝ።
ይዘገያል፤ ይዘገያል፤ ቀረ ስል ይመታል፤
እግሬ፥ ከሲንጀሩ መርገጫ ላይ፥ ሳላዘው ይከተላል።
አንድ የሙሽራ ሱሪ ስፌቱ እየጨፈረ ወርዶ፣
"ይኸ ምንድነው?" ቢለኝ ባለቤቱ ተናዶ፣
ወደ ኮምፔርሳቶው ጠቆምኩት። አዳመጠ። ዝም አለ።
ከፍሎኝ ወጣ፥ ሱሪውን ይዞ፥ ትከሻው ሳያውቅ እየዘለለ።

አምና ካዲሳባ አንድ ልጅ መጣ፥ የጨርቅ ጓንት አጥልቆ፤
ሸክላውን እንደ ጨቅላ አነሣው፥ ትንፋሹን ሰርቆ።
"በዓለም ላይ ሦስት ቢገኝ ነው" አለ፥ ድምፁ ተሰባብሮ፤
የጠራው ዋጋ ሁለቱንም ሱቅ ይገዛል፥ ጣራውን ጨምሮ።
"ስማው መጀመሪያ" አለ ሙሄ። አስቀመጠ።
ሁለተኛው ፊት፥ አራተኛው ላይ፥ መርፌዋ ዘለለች፤ ልጁ ደነገጠ።
"ተቧጭሯል! ማነው?"
ሙሄ እኔን አየ።
እኔ፥ ክር እንደሚያሰካ ሰው፥ አጎነበስኩ።

መብራት በጠፋበት በዚያ ኅዳር ነው፤
በር ተቀርቅሮ፥ ሰው የገዛ ሳሉን ሲፈራው።
ሙሄ ጠረጴዛው ላይ ምስማር መታ፥ ሸክላውን ሰካበት፤
ከልጁ ከዘምዘም ደብተር አንድ ገጽ ገነጠለ፣
እንደ ጥሩምባ ጠቀለለ፣
"መርፌ" አለኝ። የቀረችኝ ቁጥር አሥራ ስድስት፥ የጂንስ መስፊያ፤
እሷን ሰጠሁ፥ ከወረቀቱ ጫፍ መሰኪያ።
በሌባ ጣቱ አዞረው።
ኦርጋኑ ወጣ፥ ትንኝ አክሎ፤ ከበሮው፥ ጣሳ ላይ እንደሚወድቅ ምስር፤
አንዴ ሲሮጥ፥ አንዴ ሲሰንፍ፥ ጣቱ ሲላላ፥ ጣቱ ሲጠነክር።
ዘምዘም ሳቀች፤
ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፥ ጮክ ብላ ሳቀች፤
ሙሄ ደንግጦ ጣቱ ሳተ፥ መርፌዬም ነከሰች።

ልጁ ስልኩን አወጣ፤ "ንጹሑ ይኸው" አለ።
አሰማን፤ እውነት ነው፤ የትም ሳይዘል ቀጠለ።
አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን እኔና ሙሄ አንገት ቀና አደረግን፣
ዝላይዋን ጠብቀን፤
ዜማው ጥሎን አለፈ።

አልሸጠም። ሚስቱ ሦስት ቀን አኮረፈች፤
እኔም፥ እውነቱን ልናገር፥ ኪራዬን አስቤ ተከፋሁ።
ልጁ ኮቱን ተወልኝ፥ እጅጌው ተተርትሮ፤ "ነገ እወስዳለሁ።"
ማታ ከማዶ "ሐረጎ" ተነሣ፥ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ አካፋ፤
እግሬን "ተው" አልኩት።
እጅጌው አንድ ጣት ያህል ጠሞ ተሰፋ።